ከዜሮው በኋላ የሚመጣው ወለድ፦ የክሬዲት ካርድ ዕዳን ወደ አካባቢ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች ስለማዛወር

በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች በክሬዲት ካርድ ያለባቸው ጠቅላላ ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር ያለፈው በ2023 ሁለተኛ ሩብ ዓመት እንደነበረ የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ዘገባ ያሳያል፤ በዚያው ዓመት በካርድ ዕዳ ላይ የሚታሰበው አማካይ ዓመታዊ ወለድም ከ20 በመቶ በላይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካርዱን ለዕለት መገበያያ ከማዋል አልፎ ከወር ወር የሚንከባለል ብድር አድርጎ ለያዘ ቤተሰብ የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መገጣጠም ከባድ ሸክም ነው። ከዚህ ሸክም ለመውጣት በሰፊው ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ ባንኮች «ባላንስ ትራንስፈር» የሚሉት፣ በአማርኛ የዕዳ ማዛወር ሊባል የሚችለው አሠራር ሲሆን፣ ትርጉሙም አዲስ አበዳሪ በሌላ አበዳሪ ካርድ ላይ ያለውን ዕዳ ከፍሎ ያንኑ ዕዳ በተሻለ ወለድ በራሱ መዝገብ ላይ ማስፈሩ ነው። ዕዳው አይሰረዝም፤ የሚለወጡት ባለገንዘቡና የዕዳው ዋጋ ናቸው።

የዕዳ ማዛወሪያ ሲፈለግ የብዙ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በትልልቅ ባንኮች ደብዳቤ ላይ በደማቁ በተጻፈው «ዜሮ በመቶ» ላይ ነው። ዜሮው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ለተወሰኑ ወራት የሚቆይ፣ በመግቢያው ላይ ክፍያ የሚጠየቅበት፣ ሲያበቃም ለዓመታት የሚዘልቅ ከፍተኛ ወለድ የሚተካው ነው። ስለዚህ የዝውውር ርካሽነት መመዘን ያለበት በመጀመሪያዎቹ ወራት ወለድ ሳይሆን፣ የመግቢያው ክፍያ፣ የማበረታቻው ወለድና ከዚያ በኋላ የሚመጣው መደበኛ ወለድ ተደምረው ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ በሚያስወጡት ገንዘብ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ማስታወቂያ የማያበዙት የአካባቢ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ ይሻላሉ፤ የሚሻሉበትም ምክንያት በአብዛኛው በሕግና በታሪክ ውስጥ ይገኛል።

አስቀድሞ የወለዱን አካሄድ መረዳት ይገባል። የካርድ ወለድ የሚነገረው በዓመት ቢሆንም የሚታሰበው በየቀኑ ነው፤ ዓመታዊው መቶኛ ለ365 ተካፍሎ የተገኘው የቀን መጣኔ በየዕለቱ ባለው ቀሪ ዕዳ ላይ ይሰላል፣ ያልተከፈለው ወለድም ከዋናው ገንዘብ ጋር እየተደመረ ራሱ ወለድ ይወልዳል። ለምሳሌ 6,000 ዶላር ዕዳ በ24 በመቶ ወለድ ላይ ያለ ሰው በየቀኑ ወደ 3 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ በወር ደግሞ ወደ 120 ዶላር ለወለድ ብቻ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ሰው አዲስ ዕዳ ሳይጨምር በየወሩ 150 ዶላር ቢከፍል ከክፍያው ዋናውን ገንዘብ የሚነካው መጀመሪያ ላይ 30 ዶላሩ ብቻ ስለሆነ፣ ዕዳውን ለመጨረስ ስድስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ወደ 6,190 ዶላር ወለድ ይከፍላል፤ ይኸውም ከተበደረው ዋና ገንዘብ የሚበልጥ ነው። በ2009 የወጣው «ካርድ አክት» የተባለው የፌዴራል ሕግ በየወሩ መግለጫ ላይ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ የሚከፍል ሰው ዕዳውን በስንት ጊዜ እንደሚጨርስና በ36 ወር ለመጨረስ በየወሩ ስንት መክፈል እንዳለበት በግልጽ እንዲጻፍ ያስገደደው ይህ ስሌት ከብዙ ሰው ዓይን ተሰውሮ ስለቆየ ነው። ዕዳ ለማዛወር ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ ያለበትም ይህ የሚጻፍባትን በመግለጫው ላይ ያለች ትንሽ ሣጥን ነው።

የካርድ ወለድ እንዲህ ከፍ ያለበት ምክንያት የብድሩ አደገኝነት ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከጥንት ጀምሮ አራጣን የሚከለክል፣ ማለትም የወለድን ጣሪያ የሚወስን ሕግ ነበራቸው። በ1978 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚኒያፖሊሱ ማርኬት ባንክና በኦማሃው ፈርስት ናሽናል ባንክ የካርድ አገልግሎት ድርጅት መካከል በተነሣው ክርክር፣ ብሔራዊ ፈቃድ ያለው ባንክ ደንበኛው የትም ይኑር የት ባንኩ በተቋቋመበት ክፍለ ግዛት የተፈቀደውን ወለድ ማስከፈል ይችላል ሲል ወሰነ። ይህ ውሳኔ ባንኮች ጣሪያ የሌለበትን ክፍለ ግዛት ፈልገው እንዲሄዱ በር ከፈተ፤ ሳውዝ ዳኮታ በ1980 የወለድ ገደቧን ስታነሣ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ከኒው ዮርክ ወደ ሱ ፎልስ ከተማ አዛወረ፣ ዴላዌርም በ1981 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ሌሎች ትልልቅ ባንኮችን ሳበች። ዛሬ በቨርጂኒያ ወይም በሚኔሶታ የሚኖር ሰው በእጁ ያለው ካርድ ጀርባ ላይ የእነዚህን ሩቅ ክፍለ ግዛቶች ስም ቢያገኝ ነገሩ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

የክሬዲት ዩኒየኖች ታሪክ የሄደው በሌላ አቅጣጫ ነው። ክሬዲት ዩኒየን ማለት ተቀማጮቹ ራሳቸው ባለቤቶች የሆኑበት፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ፣ ከወጪ የተረፈውን በዝቅተኛ የብድር ወለድና በተሻለ የቁጠባ ወለድ መልክ ለአባላቱ የሚመልስ የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው ክሬዲት ዩኒየን በ1908 በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት በማንቸስተር ከተማ ተቋቋመ፤ መሥራቾቹም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ከካናዳ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስደተኞች ሲሆኑ፣ አልፎንስ ዴዣርዳን የተባለው የኩቤክ ሰው በሐሳቡ አግዟቸዋል። ባንክ ፊቱን ያዞረበት ስደተኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ጋር ሳንቲም አዋጥቶ ያቆመው ማኅበር፣ «የቅድስት ማርያም ባንክ» በሚል ስም እስከ ዛሬ አለ። ዕቁብን ለሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን የአየር መንገድ ሠራተኞች በ1964 ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ማኅበር የዚሁ ሐሳብ ቀዳሚ ልጅ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በአትላንታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዕቁባቸውን አጥብቀው ይዘው ሳለ ክሬዲት ዩኒየንን እንደ ሌላው ባንክ ቆጥረው ማለፋቸው የሚያስቆጭ ነው፤ የሁለቱ ሥር አንድ ነውና።

ለዕዳ ማዛወር ወሳኙ ነጥብ ግን ሕጉ ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1934 የፈረሙት የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን ሕግ በተሻሻለው መልኩ የብድር ወለድ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ የሚወስን ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ የክሬዲት ዩኒየን አስተዳደር ቦርድ ይህን ጣሪያ ከፍ የማድረግ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ቦርዱም ከ1987 ጀምሮ ጣሪያውን 18 በመቶ አድርጎ በየጊዜው ሲያድሰው ቆይቷል። ይህም ማለት «ፌዴራል» የሚለውን ቃል በስሙ የያዘ ክሬዲት ዩኒየን በካርዱ ላይ የሚያስከፍለው መደበኛ ወለድ፣ የማበረታቻው ጊዜ ካበቃ በኋላም ቢሆን፣ ከዚያ አይዘልም ማለት ነው። በክፍለ ግዛት ፈቃድ የሚሠሩት ክሬዲት ዩኒየኖች በየክፍለ ግዛታቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ ይህ ጣሪያ አይመለከታቸውም። የአካባቢ ባንክ የሚባለው ደግሞ ከክሬዲት ዩኒየን የተለየ ነው፤ ባለአክሲዮኖች ያሉት፣ ለትርፍ የሚሠራ፣ ነገር ግን ተቀማጩንም ተበዳሪውንም ከአንድ ከተማ ወይም ከጥቂት አውራጃዎች የሚያገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሀብቱ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በታች የሆነ ባንክ ነው። ለእርሱም የ18 በመቶው ጣሪያ አይሠራም፤ ወለዱ ዝቅ የሚል ከሆነ በአካባቢው ስሙን ጠብቆ ለመኖርና ደንበኛውን ለዓመታት ለማቆየት ካለው ፍላጎት የተነሣ ነው።

ይህ ልዩነት በቁጥር የታየው በየካቲት ወር 2024 ነው። የአሜሪካ መንግሥት የተጠቃሚዎች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ 84 ባንኮችንና 72 ክሬዲት ዩኒየኖችን ያካተተውን የ2023 የመጀመሪያ ስድስት ወር መረጃ መርምሮ፣ 25ቱ ትልልቅ ካርድ አውጪዎች ከትናንሾቹ ከ8 እስከ 10 መቶኛ ነጥብ ከፍ ያለ ወለድ እንደሚጠይቁ አስታወቀ። የብድር ነጥባቸው (በተለምዶ «ክሬዲት ስኮር» የሚባለው፣ ተበዳሪው ዕዳውን የመክፈል ልማዱን የሚመዝነው ቁጥር) ከ620 እስከ 719 ለሆነ ሰዎች ትልልቆቹ ያቀረቡት መካከለኛ ወለድ 28.20 በመቶ ሲሆን የትናንሾቹ 18.15 በመቶ ነበር። ዓመታዊ ክፍያ የሚጠየቅባቸውም ከትልልቆቹ ካርዶች መካከል 27 በመቶ ሲሆኑ ከትናንሾቹ ካርዶች መካከል ግን 9.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነጥቡ መካከለኛ የሆነ ሰው፣ ማለትም የዜሮ በመቶ ካርድ በቀላሉ የማይፈቀድለት ሰው፣ ከሁሉ የሚጠቀመው በትንሹ ተቋም ዘንድ መሆኑ ከዚህ በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ 6,000 ዶላሩ መመለስ ይቻላል። አንድ ትልቅ ባንክ ለ15 ወር ዜሮ ወለድ፣ በመግቢያው 5 በመቶ የማዛወሪያ ክፍያ፣ ከዚያ በኋላ 24 በመቶ ወለድ አቀረበ እንበል፤ አንድ ክሬዲት ዩኒየን ደግሞ ያለ ማዛወሪያ ክፍያ ለ12 ወር 4 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 14 በመቶ አቀረበ እንበል። ተበዳሪው በየወሩ 300 ዶላር የሚከፍል ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ በክፍያና በወለድ ወደ 437 ዶላር፣ ሁለተኛው ወደ 332 ዶላር ያስወጣዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ ጨምሮ፣ የሥራ ሰዓት ተቀንሶ ወይም ከአገር ቤት የሕመም ጥሪ መጥቶ ተበዳሪው በወር 150 ዶላር ብቻ መክፈል ቢችል፣ የመጀመሪያው መንገድ ወደ 2,130 ዶላር ሲያስወጣ ሁለተኛው ወደ 1,230 ዶላር ያስወጣል። ዜሮው ሊያሸንፍ የሚችለው የማዛወሪያ ክፍያው ዝቅ ሲልና ዕዳውን በማበረታቻው ጊዜ ውስጥ ለመጨረስ ገቢው የተረጋገጠለት ሰው ዘንድ ነው፤ የወር ገቢው የሚዋዥቅ ሰው ግን፣ ታክሲ የሚነዳም ሆነ በየሰዓቱ የሚከፈለው፣ ከዜሮው ይልቅ ከዜሮው በኋላ ያለውን ቁጥር አጥብቆ መመርመር አለበት። በዚህ ርዕሰ ጉዳይ ላይ ከሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ የማበረታቻውን ርዝመት ብቻ እያወዳደሩ ይህን መዘንጋታቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

ፍለጋው በተግባር ሲጀመር አንድ በቀላሉ የሚያሳስት ነገር አለ። የአካባቢ ባንክ ስምና ዓርማ ያለበት ካርድ ሁሉ በዚያ ባንክ የተሰጠ አይደለም። የካርድ ሥራ ከባድ ቴክኖሎጂና ካፒታል ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ትንንሽ ባንኮች ካርዱን የሚያወጣላቸው ሌላ ተቋም ይይዛሉ፤ ከእነዚህ መካከል የዩ.ኤስ. ባንክ ክፍል የሆነው ኢላን ፋይናንሻል ሰርቪስስና በኦማሃ የሚገኘው ፈርስት ናሽናል ባንክ ይገኛሉ፤ የነጻ አካባቢ ባንኮች ማኅበርም ለዚሁ ዓላማ ቲ.ሲ.ኤም. ባንክ የተባለ ተቋም አለው። በእንዲህ ያለ ካርድ ላይ ወለዱን የሚወስነውም፣ ዕዳውን የሚይዘውም በቅርንጫፉ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ሠራተኛ አሠሪ ሳይሆን ሩቅ ያለው አውጪ ነው። ነገሩን ለማወቅ በማመልከቻው ግርጌ «ይህ ካርድ የተሰጠው በ…» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ይበቃል። ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሌላ ደንብ አንድ አውጪ ከራሱ ካርድ ወደ ራሱ ካርድ ዕዳ እንዲዛወር የማይፈቅድ መሆኑ ነው፤ የአካባቢ ባንኩ ካርድ አውጪና የአሮጌው ካርድ አውጪ አንድ ሆነው ከተገኙ ዝውውሩ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ዋጋዎቹን ለማነጻጸር የተሻለው መሣሪያ በ1988 በወጣ ሕግ ምክንያት ከማንኛውም የካርድ ማመልከቻ ጋር መቅረብ ያለበት ሠንጠረዥ ነው፤ ሕጉን በገፋው ምክር ቤት አባል ስም «የሹመር ሣጥን» ይባላል። በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የግዢ ወለድ፣ የዝውውር ወለድ፣ የጥሬ ገንዘብ ማውጫ ወለድና የማዛወሪያ ክፍያ በተለያየ ረድፍ ይጻፋሉ። የማዛወሪያ ክፍያው በትልልቆቹ ዘንድ ከ3 እስከ 5 በመቶ መሆኑ የተለመደ ሲሆን፣ ጭራሽ የማይጠይቁ ክሬዲት ዩኒየኖች አሉ። የትኛው ተቋም በየትኛው ሰፈር እንደሚገኝ ለማወቅ የክሬዲት ዩኒየን አስተዳደሩ የራሱ መፈለጊያ አለው፤ ለባንኮችም የፌዴራሉ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ድርጅት «ባንክ ፋይንድ» የሚለውን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል፤ ሁለቱም በአንድ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን ያለን ተቀማጭ ለአንድ ሰው እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ያስጠብቃሉ። አባልነት ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተዘጋ አይደለም፤ አሠሪ መሥሪያ ቤት፣ የሚኖሩበት ወይም የሚሠሩበት አውራጃ፣ የሃይማኖት ማኅበር፣ የቤተሰብ አባል መሆን መግቢያ ሊሆን ይችላል፣ የመጀመሪያውም የአባልነት መዋጮ ብዙ ጊዜ ጥቂት ዶላር ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ሰውም በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሚያስተናግዱ ክሬዲት ዩኒየኖችን ሊያገኝ ይችላል። ማመልከቻ በየቦታው ማስገባት ግን ነጥብን የሚነካ ምርመራ በመዝገብ ላይ ለሁለት ዓመት ስለሚያስቀምጥ፣ ነጥብ የማይነካውን ቅድመ ግምገማ የሚሰጡትን መርጦ መጠየቅ ይሻላል።

ውሉ ላይ ሊታዩ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል ለክሬዲት ዩኒየን የተለየው የመያዣ አንቀጽ ነው። የፌዴራል ሕግ ማንኛውም ካርድ አውጪ የካርድ ዕዳን ከደንበኛው የቁጠባ ሒሳብ በራሱ ሥልጣን እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ ደንበኛው አስቀድሞ ተስማምቶ መያዣ ከሰጠ ግን ክልከላው አይሠራም፣ በርካታ የክሬዲት ዩኒየን ውሎችም አባሉ ያለውን ቁጠባ፣ አንዳንዴም ከዚያው ተቋም በብድር የገዛውን መኪና ለካርዱ ዕዳ መያዣ የሚያደርግ ቃል ይዘዋል። መኪናው ብቸኛ የእንጀራው ምንጭ ለሆነ ሰው ይህ አንቀጽ ከወለዱ ልዩነት በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ ከመፈረም በፊት «ይህ ካርድ መያዣ ይይዛል ወይ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ ማግኘት አስፈላጊ ነው።

ሌላው ጉዳይ በአዲሱ ካርድ ላይ መገበያየት ነው። በተለመደው አሠራር ወርኃዊ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ሰው በግዢ ላይ ወለድ አይታሰብበትም፤ ይህም የችሮታ ጊዜ ይባላል። የተዛወረ ዕዳ በካርዱ ላይ እያለ ግን ይህ ችሮታ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ግዢውም በማበረታቻው ካልተሸፈነ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በሙሉ ወለድ ይታሰብበታል። በካርድ ገንዘብ ወደ አገር ቤት መላክም ብዙ አውጪዎች ዘንድ እንደ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ስለሚቆጠር የራሱ ክፍያና ያለ ችሮታ የሚጀምር ከፍ ያለ ወለድ አለበት። የ2009ኙ ሕግ ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ መጀመሪያ ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ዕዳ እንዲሄድ፣ የማበረታቻ ወለድም ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቆይ ያዛል፤ ተበዳሪው ከ60 ቀን በላይ ከዘገየ ግን የማበረታቻ ወለዱን ሊያጣ ይችላል። ዝውውሩ ራሱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ በአሮጌው ካርድ ላይ ክፍያው መድረሱ በመግለጫ እስኪረጋገጥ ድረስ መክፈልን ማቋረጥ ያልታሰበ የመዘግየት ቅጣት ያስከትላል። የሚፈቀደው የብድር ጣሪያ ከዕዳው ያነሰ ሆኖ ሲገኝም፣ ከፍተኛ ወለድ ያለበትን ካርድ አስቀድሞ ማዛወርና የቀረውን በአሮጌው ላይ መክፈል የተሻለ ነው።

ለአንዳንድ ተበዳሪ ደግሞ ካርድ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች በዚያው በ18 በመቶ ጣሪያ ሥር የሚሰጡት የግል ብድር የወር ክፍያው የማይለወጥ፣ የሚያልቅበት ቀን የታወቀ ስለሆነ፣ ካርድ በእጁ ሲኖር መግዛቱን መግታት ለሚከብደው ሰው ከዝውውር ይልቅ የሚመች ነው። ወለዱ ከዜሮ ከፍ ያለ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በ6,000 ዶላሩ ምሳሌ በ12 በመቶ ወለድ በወር 300 ዶላር የሚከፍል ሰው በ23ኛው ወር ወደ 728 ዶላር ወለድ ከፍሎ ይጨርሳል፤ በአሮጌው ካርድ ቢቀር ኖሮ ያው ክፍያ ወደ 1,740 ዶላር ወለድ ያስወጣው ነበር። ወርኃዊውን ዝቅተኛ ክፍያ እንኳ መክፈል ላቃተው ሰው ግን ዝውውርም ሆነ አዲስ ብድር ተገቢ አይደለም፤ ለእርሱ ለትርፍ ያልተቋቋሙት የብድር አማካሪ ድርጅቶች ከአበዳሪዎች ጋር ተደራድረው ወለዱን የሚያስቀንሱበት የዕዳ አስተዳደር ዕቅድ አለ፤ ወደ እነዚህ አማካሪዎች የሚያመራም ሰው ያቺኑ ትንሽ ሣጥን ያለችበትን የወር መግለጫ ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል።